በጀልባዋ ሆድ ውስጥ የሠራሁት አልጋ

ይህ የደረሰው በእኔ ነው። የጎረቤት ወሬ አይደለም፣ ከሌላ ሰው ሰምቼም አልመጣሁም።

እንድታምኑኝ ብዬ ግን አልምልም። እኛ ሰፈር ብዙ የሚምል ሰው ዓሣው የሸተተበት ነጋዴ ብቻ ነው።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ጨለማ የለም፣ ማዕበል የለም፣ ደመና እንኳን የለም። ከማህዲያ ወደ ቀርቀና ደሴቶች በሚወስደው ባሕር መሀል፣ ስድስት ሜትር በማትሞላ ባለ ሸራ ጀልባ ላይ ነበርን።

እኔና ባለቤቴ። ሁለት ሰው።

ሰው ሲጠይቀኝ እስካሁን ሁለት ነው የምለው...

ስሜ ነዚሃ ነው። ስፋክስ ውስጥ የሶፋ ልብስና ፍራሽ እሰፋለሁ። ባለቤቴ ሙንጂ ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ነድቶ፣ ጀርባውን ለሹፌሩ ወንበር ከፍሎ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሌሊት በተገላበጠ ቁጥር ያቃስታል። እኔ ደግሞ በማለዳ ተነስቼ ማሽን ላይ የምቀመጥ ነኝ። እናም ሳንጣላ፣ ሳንነጋገርበትም፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በየክፍላችን ተኛን።

ጀልባዋን ሲገዛ ግን እንደ ልጅ አደረገው።

"በሸራ ቀርቀና እንሄዳለን። የአባቴ አገር ሄደን፣ መልህቅ ጥለን፣ አንድ ሳምንት..."

"የት ልንተኛ?"

"ጀልባዋ ላይ ነዋ።"

"ቤትህ ባለው አልጋ ላይ መተኛት ያቃተህ ሰውዬ?"

"ታዲያ ፍራሽ ሰፊ ያገባሁት ለመቼ ነው?"

እሺ አልኩት።

በጀልባዋ ሆድ ውስጥ ያለችው ጓዳ ጎንበስ ብለው የሚገቡባት ናት። ግራና ቀኝ ሁለት ጠባብ መደቦች አሏት፣ መሀላቸው ሰው የሚቆምበት ክፍተት። በአንዱ መደብ ላይ በጎን ካልሆነ አይተኛም። ለሙንጂ ጀርባ ይህ ቅጣት ነው።

ክፍተቱ ላይ ኮምፔንሳቶ ቆርጬ ገጠምኩበትና ከሥሩ እግር ሠራሁለት። ሁለቱ መደቦች አንድ ሰፊ አልጋ ሆኑ። ስፖንጁን በዳቦ ቢላ በጀልባዋ ቅርጽ ቆረጥኩት። እናቴ ለሠርጌ የሞላችልኝን የበግ ሱፍ ፍራሽ ፈትቼ፣ ሱፉን አጥቤ አሰጥቼ፣ ስስ አድርጌ ከላዩ ደረብኩበት። ለሙቀቱ ደግሞ ከአሮጌ አንሶላ የንፋስ ከረጢት ሰፋሁ። ከረጢቱ ጣሪያው ላይ ባለችው መስኮት ይሰቀላል፤ ንፋሱን በአፉ ተቀብሎ ቁልቁል ለተኛው ሰው ይልክለታል።

መጨረሻ ላይ የሠራሁት መከለያውን ነው። ጀልባ ስታዘነብል የተኛ ሰው ይንከባለላል። ስለዚህ አልጋውን መሀል ለመሀል የሚከፍል ወፍራም ሸራ አዘጋጀሁ። ከታች በብረት ቀለበቶች፣ ከላይ በጣሪያው ገመድ ይታሰራል።

ሙንጂ አይቶ ሳቀ።

"አንድ ላይ እንድንተኛ ብላ አልጋ ሠርታ፣ መሀሉ ላይ ግድግዳ አቆመችበት።"

"ለጉዞ ብቻ ነው። መልህቅ ስንጥል ይፈታል።"

"እስከዚያ ማን ይጠብቃል?"

በሃምሳ ዓመቴ አፈርኩ።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አልለፍ። መደቦቹን ስለካ፣ ማህዲያ ላይ ጀልባዋን የሸጠልን ሽማግሌ፣ ሃጅ ሐሙዳ፣ የረሳውን ገመድ ሊሰጠን መጣ። በጓዳዋ አፍ ጎንበስ ብሎ አየኝ።

"ምን ትለኪያለሽ እህቴ?"

"አልጋ ልሠራባት ነው።"

ገመዱን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"እዚህ ውስጥ እንኳ አይተኛም።"

"መደቡ ስለሚቆረቁር ነው?"

"የለም..." አለ። "አይቆረቁርም።"

ገመዱን አስቀምጦ ሄደ። ስለ እርጅናው አዝኜ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ማክሰኞ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከማህዲያ ወጣን። ንፋሱ ደግ ነበር። ዳቦ በቱናና ሀሪሳ በምንለው የበርበሬ ድልህ በላን። ሙንጂ መሪውን ይዞ ይዘፍናል። ድምፁ አያምርም፣ እሱ ግን ይህን አያውቅም።

አምስት ሰዓት ሲሆን "ገብተሽ ተኚ፤ ከዚያ ትቀይሪኛለሽ" አለኝ።

እየዳኹ ገባሁ። ራሴን ወደ ጀልባዋ አፍንጫ፣ እግሬን ወደ መግቢያው አድርጌ በግራ በኩል ተጋደምኩ። መከለያውን በገዛ እጄ አሰርኩት።

አልጋው ሞቃት ነበር።

ፀሐይ ያሞቀችው ነገር ከላይ ነው የሚሞቀው። ይህ ከውስጥ ነው። ሰው ሲነሳ ትቶት የሚሄደው ዓይነት ሙቀት...

ሙንጂ ደግሞ ከንጋት ጀምሮ ከመሪው አልተነሳም።

'ሱፍ ነው፤ ሱፍ ሙቀት ይይዛል' አልኩ በሆዴ። ዓይኔን ከደንኩ።

እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። ድንጋይ ውኃ ውስጥ እንደሚወርድ ወረድኩ።

በእንቅልፌ መሀል መከለያው ወደ እኔ ተገፋ።

ከማዶው ጀርባ ነበር። ሰፊ፣ ሞቃት ጀርባ፣ ቀስ ብሎ የሚተነፍስ። ሙንጂ መጥቶ ተጋደመ ብዬ አሰብኩ። ጀርባዬን ጀርባው ላይ ጣል አደረግኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

ከዚያ የሙንጂን ዘፈን ሰማሁ።

ከላይ... ከመሪው ዘንድ።

ዓይኔን ገለጥኩ። አልተንቀሳቀስኩም። ጀርባው እዚያው አለ። ይተነፍሳል... ይቆማል... ይተነፍሳል።

"ቢስሚላህ" አልኩ፣ ለራሴ እንኳን በማይሰማ ድምፅ።

ትንፋሹ ቆመ።

ሊያዳምጥ የፈለገ ሰው ትንፋሹን እንደሚይዝ... እንደዚያ።

ቀስ ብሎ መከለያው ረገበ።

ብዙ ቆይቼ ጫፉን ገልጬ አየሁ። ማንም የለም። ሱፉ ላይ ግን ከትከሻ እስከ ዳሌ የሰመጠ ቦታ ነበር። ዓይኔ እያየ፣ ስፖንጁ ከሥር እየገፋው፣ ቀስ በቀስ ሞላ።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም።

"ከማን ጋር ነው የምታወሪው?" አለኝ ሙንጂ።

"መቼ?"

"አሁን። 'ሞቀኝ፣ ትንሽ ራቅ በል' ስትዪ ነበር። ሳቅሽም።"

"ሕልም ይሆናል።"

"እንዲህ የሚያስቅሽ ሕልም እኔንም በደረሰኝ።"

ልነግረው ይገባኝ ነበር። አልነገርኩትም። ሌሊቱን ሙሉ ጀልባዋን ሲያዘጋጅ ያደረ ሰው ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል። ደግሞም ሌላ ነገር ነበር... 'ከማዶ የሆነ ነገር ተኝቶ ነበር፤ እኔም ተመችቶኝ ነበር' ብሎ ለባል እንዴት ይነገራል?

ከሰባት ሰዓት በኋላ ንፋሱ ሞተ። ትንሽ ሞተር አለችን፣ ቤንዚኗ ግን ለወደብ መግቢያ ብቻ የሚበቃ ነው። ንፋሱን ለመጠበቅ ተስማማን። ስምንት ሰዓት ላይ ሙንጂ ወገቡን ይዞ ተነሳ።

"እስቲ እኔም የእጅሽን ልየው።"

"በግራ በኩል ተኛ። ማዶውን አትንካ።"

"ለምን?"

"ፍራሹ አልተስተካከለም።"

ገባ። ሲጋደም አቃሰተ። አንዴ... ሁለቴ... ከዚያ ዝም አለ።

ማቃሰቱ ሲቆም ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ባሕሩ ዘይት ይመስላል። ሸራው እንደ ታጠበ ልብስ ተንጠልጥሏል። የምሰማው ነገር የለም። ጀልባዋ ከብዳኛለች፣ መሪው በእጄ ውስጥ ሰነፍ ሆኗል። 'ንፋስ ስለሌለ ነው' እላለሁ።

ያን ጊዜ የንፋስ ከረጢቱን አየሁት።

ይሞላል። ይረግባል። ይሞላል...

ሸራውን ቀና ብዬ አየሁ። ቅንጣት አይንቀሳቀስም። ከረጢቱን አየሁ። ይሞላል።

ንፋስ ሲኖር ከረጢቱ ከላይ ተነፍቶ አየሩን ወደ ታች ነው የሚያወርደው። አሁን የሚነፋው ከታች ነው። ከጓዳዋ ወደ ላይ።

መሪውን በገመድ አስሬ በጣሪያው ላይ ተሳብኩና እጄን አፉ ላይ ያዝኩ።

ሞቃት አየር ነው። እርጥበት አለው።

እናም ሁለት ትንፋሽ ነበር። አንዱ አጭር፣ መጨረሻው ላይ የሚንጠለጠል... እሱ የሙንጂ ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመት አውቀዋለሁ። ሌላው ረጅም ነው። አንዴ ሲወጣ የሙንጂ ሦስት ጊዜ ይወጣል።

"ሙንጂ?"

ዝም።

"ሙንጂ... ነቅተሃል?"

"ቀስ በይ" አለኝ ከታች፣ በሹክሹክታ። "ገና መተኛቱ ነው።"

"ማን?"



ወደ ጓዳዋ አፍ ተመልሼ ጎንበስ አልኩ። መጀመሪያ ያየሁት እግሩን ነው፤ ሁለቱ የእግሩ መዳፎች ወደ እኔ ዞረው። ቀጥሎ የሙንጂ ነጠላ ጫማ... ከእግሮቹ በታች፣ ቀስ እያለ በራሱ ሲዞር።

ተንሳፍፎ ነበር።

ጓዳው ውኃ ሞልቷል።

ዘልዬ ገባሁ። እዚህ መግቢያው ጋ ውኃው ከጉልበቴ በታች ነው። ጀልባዋ ግን አፍንጫዋን ደፍታለች፣ የሙንጂ ራስ ደግሞ ያለው ወደዚያ ነው። ውኃው ጆሮውን አልፎ የከንፈሩን ጥግ ይልሳል። ፈገግ ብሏል።

"ሙንጂ፣ ተነስ። እየሰመጥን ነው።"

"አታመኝም" አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። "ነዚሃ... ምንም አታመኝም።"

"ተነስ አልኩህ።"

"አንቺም ነይ። ይበቃናል... ጠጋ ይልልሻል።"

መከለያው ወደ እሱ ተወጥሯል። ከማዶ ሙሉ ክብደቱን ጥሎ የተደገፈ ሰው ያለ ይመስላል፤ ሙንጂን ከጀልባዋ ግድግዳ ጋር አጣብቆታል። ማሰሪያውን ልፈታ እጄን ሰደድኩ። እኔ የማስረው በአንድ ጉተታ የሚፈታ ቋጠሮ ነው። ይህ ሌላ ነው። ደርብ፣ ጠባብ፣ ደግሞም የታሰረው ከማዶ በኩል ነው።

የዓሣ ቢላውን አምጥቼ ቆረጥኩት። አንዱን። ሁለተኛውን። ሦስተኛው ሲበጠስ ሸራው ወደቀ።

ማንም የለም።

ግን የቀኙ ግማሽ ደረቅ ነበር። በእኛ በኩል ስፖንጁ ተነክሮ ውኃ ይተፋል፤ በዚያ በኩል፣ አንድ ስንዝር ርቆ፣ ሱፉ ደርቆ ቆሟል። ውኃው እዚያ ጫፍ ደርሶ ይቆማል። አይገባም።

የሙንጂ ቀኝ እጅ እዚያ ደረቁ ላይ ተዘርግቷል። ጣቶቹ ተከፋፍተው ታጥፈዋል። የሌላ ሰው ጣቶች ውስጥ እንደገቡ ጣቶች...

እግሮቹን ይዤ ሳብኩ። ሙንጂ ሰባ ኪሎ የማይሞላ ሰው ነው። ልነቀንቀው አልቻልኩም። ሳብኩ። በጥፊ መታሁት። በስሙ ጠራሁት፣ በእናቱ ስም ጠራሁት። ፈገግታው አልጠፋም። ውኃው አፉ ውስጥ ገባ፣ እሱም ልጅ ወተት እንደሚውጥ ዋጠው።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። አሞት ቢሆን ኖሮ ይነቃ ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመት ያችን የጀርባውን የሕመም ቦታ ጠብቄያታለሁ። ከወገቡ በላይ፣ በግራ በኩል፣ አውራ ጣት የምታክል። ሳቅፈው እጄ እንዳይነካት ተጠንቅቄ፣ ወንበሩ ላይ ትራስ አድርጌላት፣ ትኩስ ጨው በጨርቅ አስሬላት...

ወደተያዘው እጁ በኩል ገፋሁት፤ ወደዚያስ በጎኑ ተገለበጠልኝ። ጉልበቴን እዚያች ቦታ ላይ አደረግኩና በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩ።

ጮኸ።

እንደዚያ ያለ ጩኸት ከሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። ዓይኑ ተበልጥጦ ተከፈተ። ቀኝ እጁ ከደረቁ ላይ ተላቀቀና ደረቴን መታኝ።

"ገደልሽኝ" አለ።

"ውጣ።"

እያለቀሰ፣ በክርኑ እየዳኸ ወጣ። እኔም ተከትዬው ስወጣ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ... ውኃው የቀኙን ግማሽ ሞልቶ ሲገባ። ረጅም ትንፋሽ ይመስላል። ዞሬ አላየሁም።

ውኃው የገባው በእኔ ጥፋት ነው። ይህን አልደብቅም። ለኮምፔንሳቶው የሠራሁት እግር ከሥሩ አልፋ ወደ ባሕሩ የምትወጣውን የእጅ መታጠቢያ ቱቦ እየተጫነ፣ ከማጥበቂያዋ አላቋት ነበር። ክንዴን በአልጋው ሥር ሰድጄ ቀዳዳውን አገኘሁት። የራስ መሸፈኛዬን ጠቅልዬ ወተፍኩበት። ከዚያ በባልዲ መቅዳት ሆነ። ሙንጂ ተጣጥፎ ከመሪው ሥር ተቀምጧል። ስንት ባልዲ እንደሆነ አላውቅም፣ እጄ ደም እስኪያወጣ ቀዳሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የቀርቀና ዓሣ አጥማጅ፣ ጀሉል የሚባል፣ በሞተር ጀልባው መጣልን።

"ባሕሩን ወደ ጀልባ ነው የምትጭኑት፣ ወይስ እያወረዳችሁ ነው?" አለን ከሩቅ።

ማንም አልሳቀለትም። ቀረብ ብሎ የሙንጂን ፊት ሲያይ ቀልዱን ተወ። ወደ እሱ ጀልባ አሻገረን፣ የእኛን በገመድ አስሮ መጎተት ጀመረ።

ሙንጂ ፊቱን ወደ ኋላ፣ ወደ ጀልባችን አዙሮ ተቀመጠ። ብርድ ልብስ ደረብኩለት። ወደቡ መታየት ሲጀምር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ነዚሃ።"

"እህ።"

"ለምን ቀሰቀስሽኝ?"

ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ አጠበቅኩለት። እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠሁትም። እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም።

ዛሬ አንድ ክፍል ነው የምንተኛው። ሲገላበጥ ያቃስታል፣ እሰማዋለሁ። ሰምቼው መልሼ እተኛለሁ። ዝም ያለበት ሌሊት ነው የሚያስነሳኝ። መብራቱን አበራና፣ እስኪያቃስት ድረስ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። እሱን ልናገርና ላብቃ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ እኔና ጀሉል ከጀልባዋ ሁሉንም ነገር አወጣን። ስፖንጁን፣ ሱፉን፣ ኮምፔንሳቶውን፣ ያን ሸራ። ጀሉል ውኃውን አሟጦ ቀዳ። ባዶ መደብ ብቻ ቀረ። የጓዳዋን በር ዘጋሁ፣ ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ለጀሉል ሰጠሁት።

ከድንጋዩ መወጣጫ ላይ ቆምን። እኔ፣ ጀሉል፣ ሙንጂ። ንፋስ የለም። ወደቡ ውስጥ ስምንት ወይም ዘጠኝ ጀልባዎች ታስረዋል፤ ሁሉም ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ የምሰሶዎቻቸው ጥላ ውኃው ላይ አይወዛወዝም።

የእኛ ጀልባ ወደ ግራ አዘነበለች።

ቀስ ብላ... አንድ ከባድ ሰው ውስጧ ጎኑን እንዳሳረፈ።

ጀሉል ማሰሪያ ገመዷን በእጁ ይዞ ነበር። አየኝ። እኔም አየሁት።

ትንሽ ቆየችና ተቃናች። ከዚያ በሌላው ጎን፣ ወደ ቆምንበት፣ ወደ እኛ አዘነበለች።

ጀሉል ገመዱን ቀስ አድርጎ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠውና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

ጀልባዋ አልተመለሰችም። ወደ እኛ እንዳጋደለች... እዚያው ቆየች።